የንግድ ምስጢር ብቻ እያስተማሩ ዕድሜ ልክ ይኖራል እንዴ? (ለኤልኤልኤም፣ ማለትም ለሕግ ማስተርስ ልሄድ ነው፣ ምክር ፈልጌ)

ረዳት_ሌክቸረሩ፦

ሰላም ጤና ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ሕግ ተምሬ አንድ ክልል ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመርኩ 3 ዓመት ሆነኝ፣ ውል እና ንግድ ሕግ ነው የማስተምረው፣ አሁን አሜሪካ የአንድ ዓመት ኤልኤልኤም ከነስኮላርሺፑ አገኘሁ ተመስገን። ፎርሙ ላይ ፍላጎትህ ምንድነው ሲሉኝ አእምሯዊ ንብረት ብዬ ሞልቻለሁ፣ እውነቱን ለመናገር በጭንቅላቴ የነበረው ኮፒራይት ነው፣ የሙዚቃ የፊልም ምናምን። አማካሪ ብለው የመደቡልኝ ፕሮፌሰር ግን የንግድ ምስጢር (አንድ ነጋዴ ከተፎካካሪ ደብቆ የሚጠቀምበት ጠቃሚ መረጃ) ሰው ናት። ሲቪዋን ከፍቼ ወደታች ባወርድ ባወርድ አያልቅም፣ ከ20 ዓመት በላይ የጻፈችው ሁሉ ምስጢር ነው፣ ምስጢርና ሠራተኛ፣ ምስጢርና መንግሥት፣ ምስጢርና መድኃኒት። እኔ ተማሪ ሆኜ የንግድ ምስጢርን የተማርነው በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው፣ እሱም መብራት ሄዶ ግማሹ ቀርቷል።

አባቴ ስነግረው የቡና ሲኒውን አስቀምጦ «ምስጢር ስትል የደህንነት ነገር ነው?» አለኝ፣ አይደለም ስለው ደግሞ «ታዲያ ምስጢር ከሆነ እንዴት ይስተማራል» አለኝ፣ መልስ አጣሁለት። እና በናታችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፣ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ላይ ምን ሲሠራ ነው የሚኖረው? ስመለስስ እዚህ እንጀራ አለው ወይስ አማካሪ ቀይሩልኝ ልበል? እዛው ቀርቶ ፕሮፌሰር መሆን ይቻላል የሚሉም አሉ፣ እሱንም የምታውቁ።

ሰሜን_ብርድ፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። እኔም በዚሁ በኤልኤልኤም መጥቼ ሚኒሶታ ቀርቻለሁ፣ ፕሮፌሰር አልሆንኩም፣ የሕክምና ዕቃ የሚሠራ ካምፓኒ ውስጥ ኮንትራት ሳነብ ነው የምውለው። የንግድ ምስጢር ኮርስ ወስጄ ስለነበር ግን ልመልስልህ። አማካሪ እንዳትቀይር!

ስሙ ነው የሚያሳስተው። ምስጢር ስትል ካዝና ውስጥ የተቆለፈ የኮካኮላ ወረቀት ነው የሚታይህ አይደል፣ ኮካ ከ1886 ጀምሮ ቀመሩን ደብቆ እየኖረ ነው፣ ፓተንት ቢያወጣበት ኖሮ ተጽፎ ለዓለም ታይቶ ጊዜው ሲያልቅ የማንም ይሆን ነበር፣ እሺ ጥሩ ምሳሌ ነው ግን እሱን በ10 ደቂቃ ትጨርሰዋለህ። ትክክለኛው ጉዳይ ሰው ነው። አንድ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ጭንቅላቱ ውስጥ ካለው የትኛው የራሱ ሙያ ነው የትኛው የአሠሪው ንብረት ነው? በቃ ሙሉ ትምህርቱ እዚች ጥያቄ ላይ ነው የሚሽከረከረው። ሾፌር አልባ መኪና የምትሠራው የጎግሏ ዌይሞ ኡበርን የከሰሰችበትን አስታውስ፣ ኢንጂነሩ ሊለቅ ሲል 14,000 ያህል ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጦ ወጣ፣ የራሱን ሾፌር አልባ የጭነት መኪና ካምፓኒ ከፈተ፣ ኡበር ገዛው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ፍርዱ ሳይሰጥ 245 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ አክሲዮን ተስማሙ። ሰውዬው 18 ወር እስር ተፈረደበት ከዛ ደግሞ ትራምፕ ምሕረት አደረገለት። 14,000 ፋይል ለሁሉም ግልጽ ነው፣ ሌብነት ነው። ግን ምንም ፋይል ሳይወስድ በጭንቅላቱ ብቻ ቢሄድስ? እሱ ላይ ነው ፕሮፌሰሮች የሚናከሱት።

ይናከሳሉ ስልህ ቀልዴን አይደለም። ሮበርት ቦን የሚባል ፕሮፌሰር በ1998 የንግድ ምስጢር ሕግ የሚባል ለብቻው የቆመ ነገር ጭራሽ አያስፈልግም፣ የውል ሕግና ሌላው ሕግ ተሰብስቦ የተሰጠው ስም ነው ብሎ ጻፈ። ከ10 ዓመት በኋላ የስታንፎርዱ ማርክ ሌምሊ ተነስቶ አይ እንደ አእምሯዊ ንብረት ብንይዘው ነው የሚሻለው፣ እንደውም ሰዎች መረጃ እንዲካፈሉ ያደርጋል አለ። እንዴት ምስጢር መካፈልን ያመጣል ትል ይሆናል፣ ሕግ ባይኖር ሁሉም ሰው አጥር ያጥራል ወፍጮ ቤቱን በ3 ቁልፍ ይቆልፋል፣ ሕግ ካለ ግን ለሸሪክህ አምነህ ታሳየዋለህ ነው ነገሩ። ያንተዋ ፕሮፌሰር 20 ዓመት የበላት ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ የምወደው ታሪክ። እዚህ አገር የንግድ ምስጢር ድሮ የየስቴቱ ሕግ ነበር፣ በ1979 ሞዴል ሕግ ተረቅቆ ስቴቶቹ አንድ በአንድ ተቀበሉት (ኒውዮርክ እስካሁን እምቢ ብላለች)። ከዛ ኮንግረስ የፌዴራል ሕግ ላውጣ ሲል ዴቪድ ሌቪን እና ሻሮን ሳንዲን የሚባሉ ሁለት ፕሮፌሰሮች ሌሎቹን አሰባስበው የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፣ በ2014 አንድ፣ በ2015 ሌላ፣ በሁለተኛው ላይ ከ40 በላይ ፕሮፌሰር ፈርሟል። በጣም የፈሩት አንዷን አንቀጽ ነው፣ ከሳሽ ተከሳሹ ሳይሰማ ፍርድ ቤት ሄዶ ኮምፒውተሩን ማስያዝ ይችላል የምትለዋን፣ ትልቁ ካምፓኒ ትንሹን ማነቂያ ያደርጋታል ብለው። ውጤቱስ? ሴኔት 87 ለ 0! ምክር ቤት 410 ለ 2! ኦባማ ሜይ 11 ቀን 2016 ፈረመበት። ዕድሜህን ሰጥተህ ባጠናኸው ነገር ላይ 87 ለ 0 መሸነፍ ምን ይመስላል በለኝ። ግን በከንቱ አልቀረም፣ ያቺ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር እንዳትሠራ ተደርጋ ጠበበች።

በዛው ሕግ ላይ ደግሞ ፒተር ሜኔል የሚባል የበርክሌይ ፕሮፌሰር አንድ ሐሳብ አቀረበ፣ ሠራተኛ የአሠሪውን ወንጀል ለመጠቆም ብሎ ምስጢር ለመንግሥት ወይ ለጠበቃ በምስጢር ቢነግር አይከሰስ የሚል፣ ሕጉ ውስጥ ገባ። አሠሪ ይሄንን ሠራተኛው ውል ላይ ካላሳወቀ፣ በኋላ ሠራተኛውን ሲከስ ተጨማሪ ካሳም የጠበቃ ወጪም አያገኝም። እኔ እንግዲህ በቀን አስራ ምናምን ኮንትራት አያለሁ፣ ያቺ ፓራግራፍ ከመጨረሻው ገጽ ከፍ ብላ ሁሉም ላይ አለች፣ ማንም አያነባትም፣ እኔ ግን ባየኋት ቁጥር አንድ ሰው ቢሮው ቁጭ ብሎ የጻፋት ናት እላለሁ። አባትህን እንዲህ በላቸው።

የፒያሳ_ልጅ፦

አቦ ሰው ታስጎመጃላችሁ ዝም ብላችሁ። እዚህ ማን ነው የንግድ ምስጢር ብሎ ጠበቃ የሚቀጥረው? የሰፈሬ ዳቦ ቤት ጋጋሪው ለቆ ከመንገዱ ማዶ ሲከፍት ባለቤቱ ያደረገው ለ2 ዓመት ማኩረፍ ነው። ታክስ ተማር ብራዘር፣ ታክስ ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል።

መምህር_ጡረተኛ፦

የፒያሳው ልጅ የተናገረው ማኩረፍ እውነት ነው፣ ግን እኮ ያኮረፈው ሕግ ስለሌለ ሳይሆን ስላላወቀው ነው። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አንቀጽ 8ን ክፈትና አንብብ፣ የሌላን ነጋዴ መረጃ ያለፈቃዱ ከሐቀኛ የንግድ አሠራር ውጪ መያዝ፣ መጠቀም፣ ማውጣት ተገቢ ያልሆነ ውድድር ነው ይላል። ለብቻው የወጣ የንግድ ምስጢር አዋጅ ባይኖረንም መነሻው አለ። ዓለም ንግድ ድርጅት ልግባ ብላ ኢትዮጵያ ያመለከተችው ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፣ የገባን ቀን የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት (ትሪፕስ) አንቀጽ 39 ይጠብቀናል፣ እሱ ስለ ምስጢር ነው። ያኔ ሕጉን ማን ያረቅቀዋል? ከውጭ አማካሪ መጥቶ የሌላ አገር ሕግ ገልብጦልን እንዲሄድ ካልፈለግን አንተን የመሰለ ሰው ያስፈልጋል ልጄ።

እንዴት ይስተማራል ላሉት አባትህ እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ለ11 ዓመት የአእምሯዊ ንብረት ኮርስ ሳስተምር የመጀመሪያው ቀን ባለቤቴ ያዘጋጀችውን ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ ይዤ እገባለሁ። በዳቦ ቁራሽ እያስነካሁ ቅመሱና ምን ምን እንዳለበት ጻፉ እላቸዋለሁ። ሳል በሳል ይሆናል ክፍሉ። ኮረሪማ ይላሉ፣ ጨው፣ ቅርንፉድ፣ አንዳንዱ ዝንጅብል ይላል የለበትም። ከዛ እሺ ቀምሳችሁ ያወቃችሁት ሁሉ የእናንተ ነው፣ ነገ ፈጭታችሁ ሽጡት ማንም አይከሳችሁም እላለሁ፣ ገበያ ላይ ያለን ነገር ገዝቶ ፈትቶ ማወቅ ነውር የለበትም። አሁን ደግሞ ንገሩኝ ኮረሪማው ተቆልቶ ነው ወይስ ጥሬውን? ምን ያህል ደቂቃ? ስንት ጊዜ አርሮ ተጥሏል? ጸጥ። ባለቤቴ 3 ጊዜ አሳርራ ነው ልኩን ያገኘችው፣ ያ የተቃጠለው 3 መጥበሻም የምስጢሩ አካል ነው፣ ምን እንደማይሠራ ማወቅም ዋጋ አለውና።

አንድ ዓመት አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እቤት ደውዬ የእርስዎ ተማሪ ነኝ መምህር ጠይቂ ብለውኛል ብዬ ባለቤትዎን ብጠይቃቸውስ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ለሴሚስተሩ ሙሉ የሚበቃ ጥያቄ ነው ያመጣችልኝ። ከዛ ተነስቼ የዱፖንትን ጉዳይ አስተማርኳቸው፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ቦሞንት የሚባል ቦታ ጣሪያው ገና ያልተሠራ ፋብሪካ ላይ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የቀጠራቸው ፎቶ አንሺዎች በአውሮፕላን መጥተው 16 ፎቶ አነሱ፣ ሕግ አልጣስንም ሰማዩ የሁሉ ነው አሉ፣ ፍርድ ቤቱ ግን አይ ምንም የተለየ ሕግ ባትጥሱም መንገዱ ያልተገባ ነው አላቸው። ማን እንደላካቸው ሲጠየቁ ደግሞ ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ የደንበኛ ምስጢር ነው!

የጤፉንም ነገር ላንሳ ከተነሳ አይቀር። የሆላንዱ ካምፓኒ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አውጥቶ ስንጮህ ኖርን፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ሄግ ያለው ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ ሆላንድ ውስጥ ሰረዘው። ሁሉም ፓተንት ክፉ ነው ብሎ ነው የሚያወራው፣ ግን ልብ በል፣ ፓተንት ስለሆነ ነው ያነበብነው። ተጽፎ ስለወጣ ነው ይሄማ እናቶቻችን የሚያውቁት ነው ማለት የተቻለው። ያው ሰውዬ ከኛ ያየውን ሁሉ ፋብሪካው ውስጥ ምስጢር ብሎ ቢይዘው ኖሮ መኖሩንም አናውቅም ነበር። ለተማሪዎቼ ሁሌ የምለው ነው፣ ጽሑፍ ሆኖ ያየሁት ግን ብዙም አይደለም። ውሰደው ርዕሱን፣ ሰጥቼሃለሁ።

የሽሮ_ነገር፦

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፣ የወንድሜ ልጅ ነው ይሄን ልኮልኝ አንብቢው አንቺን ነው የሚመለከተው ያለኝ። ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ አሽጌ ለሱቆች አከፋፍላለሁ፣ 12 ዓመት ሆኖኛል። አንዲት ልጅ 2 ዓመት አብራኝ ሠርታ እንደ ልጄ አድርጌ ይዣት ነበር፣ ለቃ ስትሄድ መርቄ ሸኘኋት፣ በ4 ወሯ ያው የኔው ሽሮ በሌላ ከረጢት ሱቅ ውስጥ አየሁት። ቀመስኩት የኔ ነው፣ አብሹ ሳይቀር። ተቃጠልኩ። ጠበቃ ብጠይቅ ለማውራት ብቻ የጠራው ብር አስደነገጠኝ፣ ከዛ አንድ ሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በነጻ የሚያዩ ተማሪዎች አሉ አለኝና ሄድኩ።

ሁለት ልጆች ናቸው የሚጠይቁኝ፣ ፕሮፌሰሯ ከኋላ ቁጭ ብላ ትጽፋለች እንጂ አታወራም። ልኩን ስንት ሰው ያውቀዋል አሉኝ፣ ቆጠርኩ፣ 6። አስፈርመሻል ወይ፣ ኧረ ምን ብዬ አስፈርማለሁ ሰው እንዴት በሽሮ ይፈራረማል። የት ነው የተጻፈው? እዚህ ጋ ነው አፈርኩ። የቤተክርስቲያን ካላንደር ጀርባ ላይ በማርከር ጽፌ ወፍጮው አጠገብ በሚስማር ነው የሰቀልኩት፣ ሽምብራ የሚያመጣው ሹፌር ሳይቀር ያየዋል፣ ኢንስፔክተሩም አይቶታል፣ እንደውም አንዴ ልጄ ሥራ ቦታዬን ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ላይ ስትለጥፈው ከኋላዬ ይታያል። ይሄን ስነግራቸው ልጆቹ ፕሮፌሰሯን ዞረው አዩዋት። እሷም ብዕሯን አስቀመጠችና ቀስ ብላ አስረዳችኝ፣ አንቺ ራስሽ እንደ ምስጢር ካልያዝሽው ዳኛው ምስጢር ነው ሊልልሽ አይችልም አለች። ያለፈው አለፈ። ካላንደሩን ግን የዛኑ ቀን አወረድኩት።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው፣ ቅመሙን እኔና እህቴ ብቻ እሑድ ማታ እንመዝናለን፣ በከረጢት አድርገን 1፣ 2፣ 3 ብለን ቁጥር እንጽፍበታለን፣ ሠራተኞቹ 20 ፓውንድ ላይ አንድ 2 ቁጥር ጨምር ብቻ ነው የሚያውቁት። ባለ 2 ገጽ ወረቀትም ልጆቹ አዘጋጅተውልኝ የሚቀጠር ሁሉ ይፈርማል። አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም፣ ለገና አንድ ትልቅ ከረጢት ሽሮ ይዤላቸው ሄድኩ፣ አሠራሩን በወረቀት ጻፊልን ሲሉኝ ምስጢር ነው አልኳቸው።

አንተ ልጅ ተማር። ብዙ እንደኔ አይነት ሰው አለ እዚህ። የልጅቷ ሽሮ ለነገሩ አሁንም ከኔ ይቀጥናል።

ላይብረሪ_ምድር_ቤት፦

እዛ ቀርቶ ፕሮፌሰር መሆን ላልከው ማንም አልመለሰልህም፣ እኔ አንድ ሎው ስኩል ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሠራው ስለዚህ በየዓመቱ ሲመጡና ሲሄዱ አያለሁ። በኤልኤልኤም ብቻ በጣም ከባድ ነው፣ ሳልዋሽህ። የሚቀጠሩት አብዛኞቹ እዚሁ ጄዲ (የአሜሪካ የሕግ ዲግሪ) የተማሩ፣ ከዛ ዳኛ ጋር የሠሩ፣ ከዛ አንድ ሁለት ዓመት ፌሎውሺፕ ላይ ቁጭ ብለው የጻፉ ናቸው፣ አሁን አሁን ደግሞ ፒኤችዲ የጨመሩም በዝተዋል። ቃለ መጠይቁ ካለፈ ጆብ ቶክ የሚባል አለ፣ ፋካልቲው ምሳውን እየበላ አንተ ቆመህ ጽሑፍህን ታቀርባለህ፣ ሳንድዊቹን እየገመጠ ነው ሰውዬው የ3 ዓመት ሥራህን የሚያፈርስብህ። ጽሑፍ የሚታተመው ደግሞ ተማሪዎች በሚያዘጋጁት ሎው ሪቪው (የሕግ መጽሔት) ላይ ነው፣ ለኛ አገር ሰው ይሄ ይገርመዋል፣ ፌብሯሪና ኦገስት ላይ ፕሮፌሰሮች የ24 ዓመት ልጅ ኢሜይል እየጠበቁ እንቅልፍ ያጣሉ።

ግን በኤልኤልኤም የሚሆን ነገር አለ። ኮርሶቹን በደንብ መርጠህ 24 ክሬዲት ካሟላህ የኒውዮርክ ባር ፈተና (የጥብቅና ፈቃድ ፈተና) ልትቀመጥ ትችላለህ፣ ከመመዝገብህ በፊት የትኞቹ ኮርሶች ግዴታ እንደሆኑ አጣራ፣ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ የመጣ ስንት ሰው አይቻለሁ የሚያለቅስ። ሌላው፣ የፓተንት ኤጀንሲው ፊት ለመቆም የሳይንስ ወይ የኢንጂነሪንግ ትምህርት ይጠይቁሃል፣ የሕግ ዲግሪህ ብቻውን አይበቃም፣ የንግድ ምስጢር ላይ ግን ይሄ የለም፣ ስለዚህ እንዳንተ ከውልና ከንግድ ሕግ ለመጣ ሰው ከፓተንት ይልቅ በሩ ክፍት ነው። አሜሪካ ካልሆነም ዚምባብዌ ሙታሬ ያለው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ከዋይፖ (የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት) ጋር ሆኖ በአእምሯዊ ንብረት ማስተርስ ይሰጣል፣ ከመላው አፍሪካ ነው የሚመጡት፣ የሚያርቅቁትም የሚደራደሩትም እነሱ ናቸው።

ረዳት_ሌክቸረሩ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር እርስዎን በተለይ፣ ሚጥሚጣውን ሰርቄዎታለሁ (መንገዱ የተገባ ነው፣ ራስዎ ነዎት የነገሩኝ)። አማካሪ አልቀይርም።

ትናንት ማታ ለፕሮፌሰሯ ኢሜይል ላኩላት። እኔ ካለሁበት ብዙም ሳይርቅ የአበባ እርሻዎች አሉ፣ አንዷ እርሻ ያሠለጠነቻትን ሴት ሌላኛዋ በ200 ብር ጭማሪ ትወስዳታለች፣ መቁረጫ ሰዓቱን፣ የውሃውን ልክ፣ የትኛው ቡቃያ እንደማይጸድቅ ሁሉ በእጇ ይዛው ነው የምትሄደው፣ ያ የማን ነው የሚል ነገር ልጽፍ አስቤያለሁ ምን ይመስልሻል ብዬ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩላት። ጠዋት ስነሳ ሁለት መስመር መልሳልኛለች፦ ጥሩ ነው፣ ከመምጣትህ በፊት ግን ሴቶቹን አነጋግራቸው፣ ጠበቆቹን አይደለም። ቅዳሜ ልሄድ ነው።

የፒያሳው ልጅ፣ ያ የዳቦ ቤት ባለቤት ፈቃደኛ ከሆነ እሱንም ማናገር እፈልጋለሁ የምሬን ነው።

አባቴን ደግሞ የሽሮዋን ታሪክ አነበብኩለት፣ የካላንደሩ ጋ ሲደርስ ከት ብሎ ሳቀ። ዛሬ ከቤተክርስቲያን ሲመለስ ጎረቤታችንን አቁሞ ሲያወራ ሰማሁት፣ «ልጄ አሜሪካ የሽሮ ሕግ ሊማር ነው»።